ጥያቄና መልስ፦ ቋጥኝ ውስጥ የገባው ተጫዋችና የግሊች ሕጋችን

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች በሚካሄዱ የፐብጂ ሞባይል (በስልክ የሚጫወቱት የተኩስ ጨዋታ) ውድድሮች ላይ በዳኝነት ካገለገልሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ቡድን ውጤት በግሊች (በጨዋታው አሠራር ስሕተት) ምክንያት ስለሰረዝሁ ጥያቄ በዝቶብኛልና ዛሬ አምሽቼ እመልሳለሁ። የጨዋታውን ስምና የተፈጠረውን ነገር ሳይገልጽ «እንዲህ ቢሆንስ?» ብቻ ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልስ የለኝም።

ከየካ አባዶ፦ ጋሼ፣ የግሊችና የሀክ ልዩነት ምንድን ነው?

መልስ፦ ሀክ ተጫዋቹ ከውጭ የሚያመጣው ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ጭኖ በግድግዳ ውስጥ አሻግሮ ያያል፣ ወይም ጥይቱ ራሱ ዒላማ እንዲፈልግለት ያደርጋል። ፐብጂ ሞባይል እንዲህ ያለውን አካውንት ለ10 ዓመት ይዘጋል። ግሊች ግን የጨዋታው ሠሪዎች ስሕተት ስለሆነ ምንም ያልጫነ ተጫዋችም ሳያስበው ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ በግሊች ማንንም የምጠይቀው ስላገኘው አይደለም፤ ካገኘው በኋላ ስላደረገው ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ቅዳሜ የተፈጠረው በትክክል ምንድን ነው? ሁሉም የየራሱን ያወራል።

መልስ፦ አራት ስኳድ (ባለ አራት ሰው ቡድን)፣ 16 ልጆች ነበሩ። በሦስተኛው ግጥሚያ አንዱ ልጅ ሞተሩን ከቋጥኝ አስጠግቶ ሲወርድ ገጸ ባሕሪው ቋጥኙ ውስጥ ገባ፤ የሌሎቹ ጥይት ድንጋዩን ሲመታ የእርሱ ግን ያለ ከልካይ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ ሲገባ ራሱ ደንግጦ «ውይ፣ ገባሁ!» ብሎ ሲስቅ ሁለት ወንበር ርቄ ሰምቼዋለሁ። ለዚያ አልቀጣሁትም፤ ማንም ላይ ሊደርስ የሚችል ነው። ነገር ግን ከዚያ ሆኖ ሁለት ሰው ገደለ፣ ወጣ፣ ሞተሩን ነድቶ ወደዚያው ቋጥኝ ተመለሰና ያንኑ ደገመው፤ እኔ በአጠገባቸው ሳልፍም ጓደኛው የስልኩን ስክሪን ወደ ደረቱ አዞረ። መመለሱና መደበቁ አንድ ላይ ሲታዩ ጉዳዩ የአጋጣሚ መሆኑ ያበቃል። የቡድኑን የዚያን ግጥሚያ ነጥብ ዜሮ አደረግሁ። ተቃራኒዎቹ ከውድድሩ ይባረሩልን ብለው ነበር፤ ሕጋችን ለመጀመሪያ ጥፋት የሚለው ግን የግጥሚያ ነጥብ መሰረዝ ስለሆነ ከዚያ አላለፍሁም።

ደግሜ አሳስባለሁ፦ ግሊች ያጋጠመው ተጫዋች መተኮሱን ያቁም፣ እጁን ያንሳ፣ ዳኛ ይጥራ፤ ስክሪኑንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ይቅዳ።

ከገላን፦ ማታ ማታ ፒንጌ (የኔትዎርኩ መዘግየት) 200 ይደርሳል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህ የኔትዎርክ ጥያቄ ነው።

ከቂሊንጦ፦ ሕጉ ያንን ቋጥኝ በስም ካልከለከለ ያልተከለከለ ነገር እንዴት ያስቀጣል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሕጋችን ቋጥኙን በስም ባይጠራም ተቃራኒው ሊከላከለው የማይችለውን ጥቅም ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊድን በተካሄደው የድሪምሃክ ውድድር ላይ፣ በኮምፒውተር በሚጫወቱት የተኩስ ጨዋታ በካውንተር ስትራይክ፣ የፍናቲክ ቡድን ተጫዋቾች አንዱ በሌላው ላይ ቆመው ካርታውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደሚያሳይ፣ ዓይን ወደማያየው መቆሚያ ወጡና ከትልቅ ልዩነት ተመልሰው ኤልዲኤልሲ የተባለውን ቡድን አሸነፉ። አቤቱታ ሲቀርብ ኤልዲኤልሲም የተከለከለ መቆሚያ ተጠቅሞ ነበር ተብሎ በዚያ ካርታ የተደረገው ጨዋታ ከዜሮ እንዲደገም ተወሰነ፤ ፍናቲክ ግን ግጥሚያውን ለቀቀ፣ የውድድሩ ዋንጫም በመጨረሻ የኤልዲኤልሲ ሆነ። ዳኞቹ የሚተማመኑበት ጽሑፍ ባይኖራቸው ኖሮ ክርክሩ ዛሬም ባላለቀ ነበር። በ2020 ደግሞ በኮምፒውተር ጨዋታ ውድድሮች ማጭበርበርን የሚከታተለው የኢስፖርት ኢንቴግሪቲ ኮሚሽን በዚያው ጨዋታ 37 አሠልጣኞችን ቀጣ፤ አሠልጣኙ በካርታው ላይ በአንድ ቦታ ተቸንክሮ የተቃራኒን እንቅስቃሴ እንዲያይ የሚያደርግ ግሊች ነበር። ቅጣታቸው ከአራት ወር በታች ጀምሮ እስከ 36 ወር ደረሰ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀሙበት ተቆጥሮ፣ ራሱ ቀርቦ ለተናገረም ተቀንሶለት ማለት ነው። ቁጥሩ ለምን እንደተለያየ ልብ በል፤ እኔም ቅዳሜ ያደረግሁት ይኸንኑ ነው።

ከለገጣፎ፦ ታዲያ ማራዶና እ.ኤ.አ. በ1986 በእጁ አግብቶ ጎሉ ጸድቆለት የለም እንዴ? ብልጠትም ችሎታ ነው።

ከሰበታ፦ ወንድም፣ በእጅ ማግባት በሕጉ የተከለከለ ነበር፤ ዳኛው ስላላየ ነው እንጂ። ያንተ ምሳሌ የሀክ እንጂ የግሊች አይደለም።

ከለገጣፎ፦ ዳኛ ካላየው ጨዋታ ነው።

ከሰበታ፦ ለዚያ ነዋ የእናንተ ሰፈር ዋንጫ ሁሌ በጭቅጭቅ የሚያልቀው!

መልስ፦ ስለ ሰፈር ዋንጫ ሌላ ቀን። ከኳስ ምሳሌ ከተፈለገ ከማራዶና ይልቅ የበረኛው ይሻላል፦ እስከ እ.ኤ.አ. 1992 ድረስ ተከላካይ በእግሩ ያቀበለውን ኳስ በረኛው በእጁ ይዞ ሰዓት መግደል ይችል ነበር፤ አስቀያሚ ቢሆንም ሕጋዊ ነበርና ማንም አልተቀጣም፣ ሕጉ ተለወጠ እንጂ። ስሕተት ሆኖ ተጀምሮ የጨዋታው ጌጥ የሆነም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የድብድብ ጨዋታ በስትሪት ፋይተር 2 ምቶችን አከታትሎ ማገናኘት (ኮምቦ) ያልታሰበ ነገር ነበር፣ ሠሪዎቹ አይተው ተዉት፣ ዛሬ ኮምቦ የማያውቅ ተፋላሚ የለም። ልዩነቱ ኮምቦ ለሁለቱም ተጫዋቾች ክፍት ነው፣ የሚመታውም ሰው መከላከል ይችላል፤ ቋጥኝ ውስጥ ያለን ሰው ግን የሚከላከሉበት መንገድ የለም።

ከቡራዩ፦ ጋሼ፣ ግሊችና ሀክ አንድ ናቸው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ከአያት፦ አይፓድ ይፈቀዳል?

መልስ፦ በእኛ ውድድር አይፈቀድም። ስክሪኑ ወደ ካሬ ስለሚጠጋ ከስልክ ይልቅ ወደ ላይና ወደ ታች ሰፋ አድርጎ ያሳያል። ስልክን የአይፓድ እይታ እንዲሰጥ የሚያደርግ ፕሮግራም መጫን ደግሞ ከሀክ ይቆጠራል።

ከገላን፦ በመሃል መብራት ቢሄድስ?

መልስ፦ ግሊች አይደለም። ከአንድ በላይ ቡድን ከወጣና የመጀመሪያው ዞን (የመጫወቻው ክልል) መጥበብ ካልጀመረ ግጥሚያው ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ይቀጥላል።

ከለገጣፎ፦ እሺ፣ ለእኛ ውድድር ሕጉን እንዴት እንጻፈው?

መልስ፦ እያንዳንዱን ቋጥኝ ለመዘርዘር አትሞክሩ፤ ጨዋታው በታደሰ ቁጥር ሌላ ይመጣል። እኛ የጻፍነው እንዲህ ይላል፦ «ተጫዋቹ ከጨዋታው አሠራር ውጭ የሆነ፣ ተቃራኒው ሊከላከለው የማይችል ጥቅም ማግኘቱን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ቢጠቀምበት ወይም ለዳኛ ባያሳውቅ የግጥሚያው ነጥብ ይሰረዛል፤ ከዚህ ቅጣት በኋላ ቢደግመው ከውድድሩ ይወጣል።» ይህንን ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት ለሁሉም አንብባችሁ አስፈርሙ። ስክሪን መቅዳትንም ግዴታ አድርጉ፤ ቅጂ ከሌለ ዳኛው የሚፈርደው በጩኸት ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ ስልኩን ያዞርሁት እኔ ነኝ። የደበቅሁት መስሎዎት ነው እንጂ ባትሪዬ እያለቀ ስለነበር ቻርጀር ላይ ልሰካ ብዬ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያስረከብኸኝን ቅጂ አሁን እንደገና ከፍቼዋለሁ። ስልኩን ባዞርህበት ደቂቃ በስክሪኑ ጥግ የሚታየው ባትሪ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው።