ጥያቄና መልስ፦ በጫካ አቋርጦ ወደ ወንዝ ኩሬ

ውሃው ኩልል ያለ የወንዝ ኩሬ ለማየት አጭር የጫካ መንገድ ለምትሄዱ ነው። ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መንገዱ ቀላል ነው፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። ምን ጫማ ላድርግ?

መልስ፦ የማያዳልጥ፣ ቢረጥብም የማይቆጭህ። ውሃ ውስጥም አታውልቀው።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ ልሄድ ነው። ከታች ያለው ጠጠር ሁሉ ይታያል። ከጉልበት አያልፍም ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም! እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ አቅጣጫው ይታጠፋል። ዓይናችን ግን ቀጥ ብሎ የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ የኩሬው ወለል ከፍ ብሎ ይታያል። ቁልቁል ስታዪው 4 ሜትሩ 3 ሜትር ይመስላል። ከዳር ሆነሽ አግድም ካየሽው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ረጅም እንጨት ንከሪበት፤ ውሃው ጋ ሲደርስ የተሰበረ መስሎ ይታይሻል። የሚያታልለን እሱ ነው።

ወለሉም ሜዳ አይደለም። ወንዝ ድንጋይና አሸዋ እያሽከረከረ አለቱን ሲፈለፍል ክብ ጉድጓድ ያወጣል፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። አንዱ እርምጃ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጣዩ አንገት። መጀመሪያ በእንጨት ለኪ። ልጆቹ እጅሽ ከሚደርስበት አይራቁ።

ጥያቄ፦ ከአለቱ ላይ መዝለልስ?

መልስ፦ ሳይለኩ አይቻልም። በጭንቅላት ደግሞ ተለክቶም አይሞከር። ጎርፍ በአንድ ሌሊት ግንድ አምጥቶ ይወሽቅበታል።

አንድ አባል፦ ኧረ አታካብዱ! እኛ ከልጅነታችን ስንዘል ኖረናል፣ ማንም አልሞተም።

ሌላ አባል፦ የሞተውማ መጥቶ አይነግርህም።

አንድ አባል፦ አንቺ ለመሆኑ ዋና ትችያለሽ?

መልስ፦ እሱን ለብቻችሁ ተነጋገሩ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ኩልል ካለ ይጠጣል?

መልስ፦ ኩልል ያለ ሁሉ ንጹህ አይደለም። ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይፍላ፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ ደግሞ መጠጣቱ ቀርቶ መግባቱም ያስይዛል፤ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለፎቶ ስንት ሰዓት ያምራል?

መልስ፦ ፎቶ አንሺ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ከሌለ ችግር የለም አይደል?

መልስ፦ እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ድምፁም ከጨመረ ደራሽ ነው። ልብስ ልሰብስብ፣ ስልኬን ላንሳ የለም። ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ።

ጥያቄ፦ በጣም ይቀዘቅዛል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አዎ፤ የጫካ ጥላ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ውሃ ውስጥ ድንገት ከገባችሁ ሳታስቡት አየር ትስባላችሁ። ያኔ ፊታችሁ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ነው የምትስቡት። ቀስ ብላችሁ ግቡ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥልቀቱ ስንት ነው?

መልስ፦ የቱ ኩሬ? ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። ለካ፣ ለካ፣ ለካ!

ጥያቄ፦ ዋና ለማይችል የሚነፋ ጎማ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ላይፍ ጃኬት።