ሻጩ «ያው ነው» ሲል

ጥያቄ፦ የሪሲቨር ፓወር ሰፕላይ እየጠገንኩ ነው። 1000 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት ካፓሲተርና ኤስቢ360 የሚል ዳዮድ ፈልጌ መርካቶ ሄድኩ። ሻጩ ባለ16 ቮልት ካፓሲተርና 1ኤን4007 ዳዮድ ሰጠኝና «ያው ነው፣ ግጠመው» አለኝ። ልመነው?

መልስ፦ ግማሹን ይመኑት። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት የሚችለው ጣሪያ ስለሆነ 16ቱ በ10ሩ ቦታ ይገባል፤ 6.3 ቢሰጥዎ ግን አይቀበሉ። ሻጩ የማያነሳልዎት ነገር ሙቀቱን ነው፦ ጎኑ ላይ 105 ዲግሪ የሚለውን ይምረጡ፤ 85 የሚለው እንዲህ ባለ ሙቅ ቦታ ቶሎ ያብጣል። ቁመቱንም ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፣ አለበለዚያ ክዳኑ አልዘጋ ይልዎታል።

ዳዮዱን ግን ይመልሱት። 1ኤን4007 እስከ 1000 ቮልት ስለሚችል ለሁሉም የሚሆን ይመስላል፤ የሚያሳልፈው ግን 1 አምፔር ነው፣ ኤስቢ360 ደግሞ 3። የባሰው የ1ኤን4007 ፍጥነት ነው። የተሠራው እንደ ቤት መብራት ላለ 50 ኸርዝ ሲሆን፣ የሪሲቨሩ ፓወር ሰፕላይ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይበራል ይጠፋል። ዳዮዱ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በዚያ ፍጥነት መዝጋት ስለማይችል ይግላል፣ ከዚያም ይቃጠላል። በምትኩ ኤስአር360 ወይም ኤስቢ560 ይጠይቁ።

«ለሪሲቨር የሚሆን» ብለው አይጠይቁ። ብዙ ሻጭ የሚያውቀው መሳቢያው ላይ ያለውን ቁጥር እንጂ የዕቃውን ሥራ አይደለም፤ አይፈረድበትም። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፣ ቁጥሩንም ከነፊደሉ ጽፈው ያሳዩ። ከመንቀልዎ በፊት ቦርዱን ፎቶ ያንሱ፤ የካፓሲተሩ ኔጌቲቭ መስመር በየት በኩል እንደነበር ኋላ ይጠፋብዎታል። መልቲሜትርም ይያዙ። ዳዮድ መለኪያው ላይ አድርገው እዚያው ሱቁ ውስጥ ሲለኩት ኤስቢ360 ወደ 0.2 ገደማ ያሳያል፤ 0.5 ወይም 0.6 ካለ ከመሳቢያው የወጣው ሌላ ዳዮድ ነው።

ጥያቄ፦ ቢሲ547 ትራንዚስተር ጠፍቶ 2ኤን3904 ሰጡኝ። ብገጥመው ማጉያው ድምፅ የለውም።

መልስ፦ ቮልቱ ከ40 እስካልበለጠ ድረስ ምትኩ ጥሩ ነው፤ የተለየው የእግሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እርስዎ፣ እግሮቹን ወደ ታች ቢያደርጉ ቢሲ547 ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ 2ኤን3904 ደግሞ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ነቅለው ፊቱን ወደ ኋላ አዙረው ይግጠሙት።