ባለቤትሽ «ዝጊው» አላለሽም

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የአበባ መሸጫ አለኝ። አበባው ከአዲስ አበባ በሌሊት መኪና ይመጣል፤ ባለቤቴ ሥራ ከመግባቱ በፊት ሄዶ ይቀበልልኛል። ግማሹ ሳይሸጥ ይጠወልጋል። ኪራዩ ከብዶኝ፣ የወጣልኝን ዕቁብ ለእሱ ሳልነግረው ከፈልኩበት። እሱ ድሮም አላመነብኝም። አሁን ደግሞ «ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው?» ይለኛል፤ ዝጊው ማለቱ ነው። ልዝጋ ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ «ዝጊው» ያለበትን ቦታ ግን አላገኘሁም። ያለው «እስከ መቼ ነው?» ብቻ ነው። እሱ ጠየቀሽ፤ አንቺ የሰማሽው ግን ፍርድ ነው።

ለምን? ነገሩ ያለው ዕቁቡ ላይ ይመስለኛል። በአንድ መስመር ነካ አድርገሽ አለፍሽው እንጂ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። ሰው ኪሳራውን ሲደብቅ፣ ቤት ውስጥ የሚነሳ ወሬ ሁሉ ወደዚያ የሚሄድ ይመስለዋል። «ዛሬ ገበያ እንዴት ነበር?» መባል እንኳ ምርመራ ይሆንበታል። ወይ ይቆጣል፣ ወይ «ደህና ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። ጠያቂውም ቀስ በቀስ መጠየቅ ይተዋል። ዝም ሲል ደግሞ «ድሮም አላመነብኝም» ለማለት ይመቻል። ይህን ስልሽ ክፉ ነሽ ማለቴ አይደለም። አፍረሽ ነው። ግን ባለቤትሽ የሱቁን እውነተኛ ሁኔታ አያውቅም። የማያውቀውን ሸክም እንዴት ያግዝሽ?

ደግሞስ አላመነብኝም የምትይው ሰው፣ በደሴ ብርድ በጠዋት ተነስቶ አበባሽን የሚቀበልልሽ ሰው ነው። ይህን የጻፍሽው አንቺው ነሽ። አጠያየቁን ለስለስ ቢያደርገው ጥሩ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ባላመነበት ሥራ ሰው እንዲህ አይደክምም። ቅር አትሰኚብኝና፣ እዚህ ላይ ለእሱ አደላለሁ።

ልዝጋ ወይስ ልቀጥል ለሚለው እኔ ልወስንልሽ አልችልም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በቅርብ ዓመታት ሁዳዴና ረመዳን እየተገጣጠሙ ነው፤ በ2016 ጭራሽ በአንድ ቀን ነው የገቡት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚኖርበት ደሴ፣ የሁለቱም ሰርግ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ገቢ ራስሽን የማትረባ ነጋዴ አታድርጊ። በጥር ሰርግ ገቢም አትታለዪ። የዓመቱን አንድ ላይ እዩት። እዩት ያልኩት ሁለታችሁን ነው።

ከዚያ በፊት ግን ዕቁቡን ንገሪው። ሊቆጣ ይችላል። በማግስቱ ይረዳኛል ብለሽ አትጠብቂ፤ ጊዜ ስጪው። ነገሩ ሲበርድ ለ«እስከ መቼ» አብራችሁ ቀን ቁረጡ፤ ለምሳሌ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት እስኪያልፍ። እስከዚያ ትኩስ አበባ በትእዛዝ ብቻ ማስመጣት ይሻል እንደሆነ አስቡበት፤ ንግዱን ግን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ወሬው በተጀመረ ቁጥር ጭቅጭቅ የሚሆን ከሆነ፣ ባለሙያ ፊት ለፊት ብታነጋግሩ እመክራለሁ። ብቻሽን አትሂጂ። እሱም የልቡን የሚናገርበት ቦታ ያስፈልገዋል።