ሊብሬዋ የጠፋባት ቮልስ ትገዛለች ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የምጽፍልዎት ከደሴ አጠገብ ካለችው ከሐይቅ ከተማ ነው። እዚህ የአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ቮልስዋገን ቆማለች፤ ያቺ ኤሊ የምትመስለዋ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ተነስታ አታውቅም። ታርጋዋ ከፊት አለ፣ ከኋላ የለም። ሊብሬው ግን የለም። በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ ሲበረበር የወረቀት ሳጥኑ እንዳለ ተወሰደ ይላሉ። ሦስት ልጆች አሏቸው፣ አንዷ ጅዳ ናት። 250 ሺህ ብር ብለውኛል። አንድ ደላላ ደግሞ “እዚሁ በሽማግሌ ፊት ውል እንጻፍ፣ ሊብሬውን እኔ ደሴ አስወጣልሃለሁ፣ 30 ሺህ ብቻ ስጠኝ” ይለኛል። መኪናዋን ወድጃታለሁ። ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ትገዛለች። ብሩ ከኪስህ የሚወጣው ግን ፋይሏ ከተገኘ በኋላ ነው።

ሊብሬ ሲጠፋ ብዙ ሰው መኪናዋ ራሷ የጠፋች ይመስለዋል። ሊብሬ እኮ ደብተር ነው። የወግ ስሙም የተሽከርካሪ ባለቤትነት መታወቂያ ደብተር ነው። ዋናው መዝገብ የሚቀመጠው ታርጋውን በሰጠው መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ ካለ ለጠፋው ደብተር ምትክ ይወጣል። ፋይሉ ከሌለ ደግሞ ደብተሩ እጅህ ላይ ቢኖርም ጣጣ አለው።

ፋይል የሚፈለገው በቁጥር ነው። ስለዚህ ከደላላው ጋር መነታረኩን ተወውና ሂድ፣ ቁጥሮቿን አንብብ። ላምባ፣ ጨርቅና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ያዝ። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። መቀመጫውን አንሳው። ወለሉን መሀል ለመሀል የሚከፍል ጉብታ ታያለህ፤ ቁጥሩ እሱ ላይ ተመትቷል። ባትሪዋም እዚያው መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው የምትቀመጠው። ዓመታት የቆመች ስለሆነች አሲዱ ወለሉን በስቶት ልታገኘው ትችላለህ። አትደንግጥ፣ እሱ የላሜራ ሥራ ነው። ቁጥሩን ግን በላምባ አርስና በብሩሹ ቀስ እያልክ ጥረገው። ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካው! ግራይንደርማ ጭራሽ አይታሰብም። የተፋቀ ቁጥር መርማሪ ፊት ሲቀርብ የተሰረቀ መኪና ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ “ዝገት ላስለቅቅ ብዬ ነው” ብትል ማን ይሰማሃል? ቁጥሩ ፍንትው ሲልልህ ስስ ወረቀት ደርብበትና በእርሳስ እሸው፣ ቅርጹ ይወጣልሃል። ፎቶም አንሳ።

ያው ቁጥር ከፊትም አለ። የፊቱን ኮፈን ክፈት። ከስኮርታው ኋላ አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆን አለባቸው። ባይገጥሙ የምታምነው ወለሉ ላይ የተመታውን ነው። ሰሌዳዋ ተፈትታ ከሌላ መኪና ልትመጣ ትችላለች። ሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከኋላ፣ ዲናሞው የቆመበት እግር ሥር ነው። ከፊቱ የላቲን ፊደል አለው፤ “ዲ” ከሆነ 1200፣ “ኤፍ” ከሆነ 1300፣ “ኤች” ከሆነ 1500 ሲሲ ነው።

ሻንሲው ዕድሜዋንም ይነግርሃል። ከ1965 ሞዴል ወዲህ የተሠራች ተራ ቮልስ ቁጥሯ በ11 ይጀምራል፣ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሏ ዓመት መጨረሻ ነው። 117 ካለ የ1967፣ 118 ካለ የ1968 ሞዴል ናት። ዓመቱ የፈረንጅ ነው ታዲያ። ፋብሪካው የዓመቱን ሞዴል መሥራት ይጀምር የነበረው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ 117 ብሎ እናታችን “የ59 ናት” ቢሉህ አልተሳሳቱም፤ በእኛ አቆጣጠር 59 ነው።

አሁን ፋይሉ። ታርጋዋ ከፊት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የታርጋውንና የሻንሲውን ቁጥር ይዛችሁ መጀመሪያ ደሴ ትጠይቃላችሁ። “ትጠይቃላችሁ” ያልኩህ ብቻህን እንዳትሄድ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለመንገደኛ ፋይል አይከፍትም። እናትየዋ ወይም ልጃቸው ይኑሩ። ደሴ ካልተገኘ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሊሆን ይችላል፤ መኪናዋ በኖረችበት ዘመን ወሎ ስንት ጊዜ አስተዳደር እንደተቀያየረባት ታውቃለህ። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስም ብዙ ቢሮ ተዘርፏል። ስለዚህ ቤት ውስጥም ይፈለግ። የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈ አሮጌ ቦሎ፣ የመድን ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ አንዷ ብትገኝ ትጠቅማለች። ሳጥኑ ቢወሰድም ሰው ወረቀት የሚያስቀምጠው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ቁርኣኑ ውስጥ፣ ፍራሹ ሥር፣ ከሟቹ ኮት ኪስ ሁሉ ይታይ።

ፋይሉ ሲገኝ መጀመሪያ የማን ስም እንዳለበት እይ። ይኼ ላይ ነው ሰው የሚሰናከለው። ሟቹ መኪናዋን በውክልና ገዝተዋት ከሆነ ስሙ የመጀመሪያው ባለቤት ነው የሚሆነው። እዚህ አገር ስም ማዛወሪያ ላለመክፈል በውክልና ብቻ ሲነዱ የሚኖሩ ሞልተዋል። ውክልና ደግሞ ከሰው ጋር ይሞታል። ወካዩም ተወካዩም ቢሞት ያልቃል። እንዲያ ከሆነ የምትፈልገው የእናትየዋን ፊርማ አይደለም፤ የዚያን ሰውዬ ወይም የወራሾቹን ነው። እነሱ ካልተገኙ እኔ በበኩሌ አልገዛም።

ቀጥሎ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት፣ ቀረጥ እንደተከፈለባት ይታይ። ይቺ የቀረጥ ነገር ለወሎ ሰው ትለያለች። በ66ቱም በ77ቱም ድርቅ ጊዜ የእርዳታ ድርጅት መኪና እዚህ ምን ያህል ይርመሰመስ እንደነበር የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ከእጅ ወደ እጅ ከዞረ ስም ለማዛወር ስትሄድ ጉምሩክ ይጠይቅሃል። በቮልስ ብዙም አይገጥምም። ላንድሮቨር ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጠይቅህ ይህን ነበር።

ስሙ የሟቹ ከሆነ ግን መንገዱ ቀና ነው፣ ቢረዝምም። ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያውጡ። እናትየዋ ብቻቸውን “የባሌ ናት” ብለው ሊሸጡልህ አይችሉም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። በትዳር የተፈራው ንብረት ግማሹ ግን ዱሮም የራሷ ነው። የሟቹ ግማሽ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ለልጆቹ ይሄዳል። ሁሉም ተስማምተው ጉዳዩን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከወሰዱት ስሌቱ ይለያል፤ ልጆች ካሉ ለሚስት የሚደርሳት ከውርሱ ስምንተኛው ነው። በየትኛውም ሄዱ በየትኛው፣ የሦስቱም ልጆች ፈቃድ ያስፈልግሃል። ጅዳ ያለችው ልጅ እዚያው ካለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ውክልና ትላክ። ውክልናው ላይ “መኪናዋን ለመሸጥ” የሚል ቃል በግልጽ ይኑር። “ጉዳዬን ይከታተልልኝ” ብቻ የሚል ወረቀት ለሽያጭ አይሆንም። በስልክ “ሽጡት፣ እኔ ምን ቸገረኝ” ማለቷም ዋጋ የለውም። መኪናዋ ታድሳ፣ ቀለም ተቀብታ፣ ፎቶዋ ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ሐሳቧን ብትቀይርስ?

ምትክ ሊብሬውን የሚያወጡት እነሱ እንጂ አንተ አይደለህም። መጥፋቱን ለፖሊስ ያመልክታሉ፣ መሥሪያ ቤቱ በጋዜጣ ማስታወቂያ አስነግሩ ካለም ያስነግራሉ። ወጪውን አንተ ብትችልላቸው ደስ ይለኛል፣ አቅም ላይኖራቸው ይችላል። ከዋጋው ላይ ይታሰብልህ። ቀብድም ስጥ፣ ግን ትንሽ። ቀብድ የሰጠ ከቀረ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ከቀረ እጥፍ ይመልሳል፤ ሕጉ እንዲያ ነው። ሙሉው ብር የሚከፈለው ውልና ማስረጃ ፊት ስትፈራረሙ ነው። ለዓመታት ያልታደሰ ቦሎ ውዝፍ ካለው ማን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ይግባ።

ስለ ደላላው ምን ልበልህ? ደላላ ገዢና ሻጭ ያገናኝ፣ ኮሚሽኑን ይውሰድ፣ ሐላሉ ነው። ያለ ወራሾቹ ሊብሬ አስወጣለሁ የሚል ጉዳይ ገዳይ ግን ወይ 30 ሺህህን በልቶ ስልኩን ያጠፋል፣ ወይ ደግሞ እውነት ያመጣልሃል። ሁለተኛው ይብሳል። ፎርጅድ ሊብሬ ይዞ የተገኘው አንተ ነህ፣ የምትጠየቀውም አንተ ነህ። የሽማግሌ ውልም ለሰፈር ጠብ ማብረጃ ጥሩ ነው፣ መኪና ግን አያዛውርም።

እስከዚያው አትንዳት። ሊብሬ የሌላት መኪና የሦስተኛ ወገን መድን አይገባላትም፤ ያለ መድን መንገድ መውጣት ደግሞ ወንጀል ነው። ሞተሩን በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አድርገህ በእጅህ አዙረው፣ ካልነከሰ ትነሳለች። ግቢ ውስጥ ተነስታ ድምጿን ስማ፣ ይበቃሃል። ደሴ ለምርመራ ስትወስዳት በአይሱዙ ጫናት። ፍሬኗ ባልታየ መኪና ያን ዳገትና ቁልቁለት መሞከር የወጣት እብደት ነው።

ዋጋውን ካነሳህ፣ 250 ሺህ ለማትነሳ መኪና ብዙ ነው። ለምን እንዲያ እንዳሉህ ግን ይገባኛል። በ2012 የኤክሳይዝ አዋጁ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ጎማ ያላት ሁሉ ዋጋዋ ሰማይ ነካ። የቆመችውን ወስደህ ወለል፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካርቡራተር ስትል ብዙ ትጨምራለህ። እኔ ብሆን የወረቀቱን ወጪ ችዬ 200 ድረስ እከራከር ነበር። ከዚያ በላይ ግን እናታችንን አታስጨንቃቸው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም ጋሼ። እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ ነኝ። አባቴ የተዉልኝ ፔጆ 404 አለችኝ፣ ሊብሬውም በስሜ ዞሯል። ሞተሯን ግን እሳቸው በሕይወት ሳሉ ቀይረውታል፣ ቁጥሩ ከሊብሬው አይገጥምም። ስም ሲዞርም ማንም አላየውም። አሁን ለምርመራ ልወስዳት ፈራሁ።

መልስ፦ ወዐለይኩም ሰላም እኅቴ። ሻንሲው ከሊብሬው እስከገጠመ ድረስ መኪናዋ ያንቺ ናት። ሞተር ይቀየራል፣ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ጥፋቱ ለውጡን አለማስመዝገብ ነው። ስለዚህ መርማሪው እስኪያገኘው አትጠብቂ። ቀድመሽ ማመልከቻ ጽፈሽ “ሞተር ተቀይሯል፣ ይመዝገብልኝ” በዪ። የሚጠይቁሽ አዲሱ ሞተር ከየት እንደመጣ ነው። የግዢ ደረሰኝ ካለ አለቀ። ከሌላ መኪና የወጣ ከሆነ የዚያችን መኪና ባለቤት ወይም የሽያጭ ውሉን ፈልጊ። የገጠመው መካኒክ በሕይወት ካለ እሱ ሳያውቅ አይቀርም፣ የድሮ መካኒክ ሞተር አይረሳም። የወጣው አሮጌ ብሎክ ግቢሽ ውስጥ ወድቆ ከሆነ ደግሞ ለቆራሌው እንዳትሸጪው፤ ከሊብሬሽ ጋር የሚገጥመው ቁጥር እሱ ላይ ነው ያለው።