ከእንጦጦ ጫካ እስከ ዝዋይ ወይን እርሻ፦ የኮረኮንች ብስክሌት ጥያቄዎችና መልሶች

ዝናቡ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ የሚደርሱን የብስክሌት ጥያቄዎች ይበዛሉ። ለዚህ እትም አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ሳይክል አለኝ። ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ጫካ ውስጥ ለመንዳት፣ አንድ ቅዳሜ ደግሞ ዝዋይ ወርደን በወይን እርሻው አካባቢ ለመሽከርከር አስበናል። እነሱ የሚያወሩት ግራቭል ስለሚባለው፣ መሪው እንደ እሽቅድምድም ሳይክል ስለተቆለመመው ነው። የእኔን ሸጬ እሱን ልግዛ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አይሽጡት። ግራቭል ብስክሌት በአጭሩ የእሽቅድምድም ሳይክል ነው፤ ልዩነቱ ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ማስገባቱና አቀማመጡ ረጋ ማለቱ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ረጅምና ደልዳላ ኮረኮንች ላይ ነው። እንጦጦ ላይ ግን የሚፈትንዎ ዳገቱ ነው። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ በኩል ሲወጡ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተው ከ3,000 በላይ ይደርሳሉ፤ እግር ብቻ ሳይሆን ሳንባም ይጠየቃል።

እስቲ ጥርሶቹን ይቁጠሩ። የፊተኛው ትንሹ 22፣ የኋለኛው ትልቁ 32 ከሆነ፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የእርስዎ ሳይክል 1.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፊት 40፣ ኋላ 42 ጥርስ ያለው ግራቭል በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ዳገቱ ሲከፋ ከፔዳል ወርደው የሚገፉት ጓደኞችዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

መለወጥ ያለበት ጎማው ነው። ጥርሱ ያገጠጠውን 2.1 ኢንች ጎማ አውልቀው መሃሉ ለስለስ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ጥርስ ያለው 1.75 ያስገቡ። ክብደትዎ 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ፊት 38፣ ኋላ 42 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አየር ይበቃል። ለስድስት ኪሎ አስፋልት ብለው 60 ከሞሉት ጫካው ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋይ ወደ ላይ ይወረውርዎታል። ከ30 በታች ካወረዱት ደግሞ ከመነዳሪው (አየሩን የሚይዘው ውስጠኛው ጎማ) በድንጋይና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካገኙ እሾህ ሳይሆን የአየር ማነስ ነው።

ያገለገለ ስለሆነ ካቴናውንም ይለኩ። በማስመሪያ ከአንዱ ፒን መሃል ተነስተው 24 ማያያዣ ይቁጠሩ። አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 30.7 ከደረሰ ይቀይሩት። የተሳበ ካቴና የኋላ ጥርሶቹን ይበላል፣ ከዚያም ወጪው እጥፍ ድርብ ነው።

ጥያቄ፦ ግራቭል ብስክሌት ገዝቼ ዝዋይ ሐይቅ አካባቢ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተነፈሰብኝ። ጎሚስታው በለጠፈው ቁጥር ብዙም ሳልሄድ ይደገማል። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ሦስቱም ምናልባት የአንድ እሾህ ሥራ ናቸው። የግራር እሾህ ጎማው ውስጥ ይሰበርና ጫፉ እዚያው ይቀራል። ከውጭ አይታይም፣ ጣትም አያገኘው ይሆናል። ከመነዳሪውን አውጥተው ብጫቂ ጥጥ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ዙሪያውን ይጎትቱ፤ እሾሁ ካለበት ቦታ ጥጡ ይያዛል። ከዚያ በፒንሳ ይንቀሉት።

የልጥፉ ሥራም ይበላሻል፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ችኮላ ነው። ከመነዳሪውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡ፣ እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ ይጫኑት። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ልጥፍ አየር ሲሞላ ይንሸራተታል።

ዘላቂው መፍትሔ ከመነዳሪውን መተው ነው። ቸርኬዎና ጎማዎ ያለ ከመነዳሪ እንዲሠሩ የተሠሩ ከሆኑ (ጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል) የቸርኬውን ቀዳዳዎች በልዩ ቴፑ ይሸፍኑ፣ ልዩውን ቫልቭ ያስገቡ፣ ለ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ ይጨምሩ። እሾህ ሲገባ ነቅለው ቀዳዳው ወደ መሬት እንዲያይ ጎማውን ያዙሩት፤ ፈሳሹ ፈስሶ ይዘጋዋል። ለሰፋ ቀዳዳ የሚጠቀጠቅ የጎማ ክር ይያዙ። ፈሳሹ ይደርቃል፤ በየሁለት ወሩ ጎማውን ነቅንቀው ያዳምጡ፣ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሌለ ይጨምሩ። ለዚህ ያልተሠራ አሮጌ ቸርኬ ላይ ግን አይሞክሩት፤ ጎማው ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል።

ያለ ከመነዳሪ ለ70 ኪሎ ሰው 30 እስከ 33 ፒኤስአይ ይስማማል። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል የአየር መለኪያው (ጌጁ) አንድ ፒኤስአይ ገደማ ቀንሶ ያሳይ ይሆናል፤ የአካባቢው ሙቀት ግን ያካክሰዋል፤ ለዚያ ብለው አይንኩት። አሸዋማ መንገድ ከገጠምዎ ግን ሦስት አራት ይቀንሱ፣ ወደ ኋላ ይቀመጡ፣ መሪውን በኃይል አይጠምዝዙ።

ጎሚስታ ቤት ሲሞሉ ደግሞ፣ ወፍራሙ ቫልቭ ከመኪናው ጋር አንድ ነው፤ ለቀጭኑ ማገናኛ ያስፈልጋል። ለመኪና የተሠራው ኮምፕረሰር ትንሿን ጎማ በቅጽበት ያፈነዳታል፤ ቆጠብ ቆጠብ እያደረጉ ይሙሉ።

ጥያቄ፦ ከእንጦጦ ስወርድ የዲስክ ፍሬኑ ይሸታል፣ ታች ስደርስ ደግሞ ይጮሃል፣ አይዝም። ሸማኑ (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው የፍሬን ሸራ) አልቆ ነው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሊያልቅም ይችላል፤ የሚይዘው ክፍል ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ከደረሰ ዛሬውኑ ይቀይሩት። ሽታው ግን የሚነግረን ሌላ ነው። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬኑን ነካ አድርገው ይዘው ወርደዋል። ብረቱ መቀዝቀዣ ጊዜ አያገኝም፣ የሸማኑ ገጽ ይነድና እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከኩርባው በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ፈጽመው ይልቀቁ፣ ነፋስ ያቀዝቅዘው።

የለሰለሰውን ሸማን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይሞርዱ። ከዚያ ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዱ እስከ እርምጃ ፍጥነት ያቀዝቅዙ፣ ሃያ ጊዜ ይድገሙት፣ ጎማው እንዳይቆለፍ ይጠንቀቁ። ከዚህ በኋላም ከጮኸ ዘይት ነክቶት ሊሆን ይችላል። ካቴና ላይ የሚረጭ ዘይት ዲስኩ ላይ ሲያርፍ ይህ ይደርሳል፤ ለካቴና በጠብታ የሚገባ ዘይት ይጠቀሙ። ዲስኩን በንጹሕ አልኮል ይወልውሉ። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ቅባት ትቶ ይሄዳል። ዘይት የጠጣው ሸማን ግን አይድንም፣ ይጣል።

ጫካው ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አለ። የባሕር ዛፍ ቅርፊት እንደ ገመድ ተልጦ መንገዱ ላይ ይወድቃል፣ ከኋላ ማርሽ መቀየሪያው ጋር ይጠላለፋል። ኮሽታ እንደሰሙ ፔዳሉን ያቁሙ። አንድ ዙር ከጨመሩ መቀየሪያው የተንጠለጠለበት ቀጭን ብረት ይሰበራል። ይህ ብረት ለየብስክሌቱ የተለየ ስለሆነ እዚህ ከተማ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል፤ ሁለት ገዝተው አንዱን ቦርሳ ውስጥ ይያዙ።

ጥያቄ፦ በክረምትስ በሱሉልታ በኩል መንዳት ይቻላል? (ከልደታ)

መልስ፦ አስፋልት ላይ አዎን፣ ዋልካ ላይ አይቻልም። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ሹካው ሥር ይጠቀጠቃል፣ በመቶ ሜትር ውስጥ ጎማው መዞር ያቆማል። ሰፊ ክፍተት ያለው ብስክሌትም አያመልጥም። ከገቡበት ፔዳሉን በኃይል አይርገጡ፤ ተሸክመው ሣር ወዳለበት ይውጡና በእንጨት ይጥረጉት። የእንጦጦ ቀይ አፈር ከዚህ ይሻላል፤ እዚያ የሚያዳልጠው እርጥብ ቅጠልና ሥር ነው። ሥሩን በአግድሞሽ ሳይሆን ቀጥ ብለው ያቋርጡት።

ጥያቄ፦ ዝዋይ በብስክሌት ልሂድ ወይስ ጭኜ? ወይን እርሻው ውስጥስ መግባት ይፈቀዳል? (ከስታዲየም)

መልስ፦ ይጫኑት። ርቀቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ደግሞ ብስክሌት አያስገባም። ኃይልዎን ለኮረኮንቹ ያቆዩ።

የካስቴል የወይን እርሻ የታጠረ የግል ይዞታ ነው፤ አስቀድመው ካላስፈቀዱ በዙሪያው ባለው የሕዝብ መንገድ ብቻ ይንዱ። ቢፈቀድልዎም ከተሽከርካሪ መንገዱ አይውጡ። በወይን ረድፎቹ መካከል የጠብታ መስኖ ቱቦ ይኖራል፤ ጎማ ሲወጣበት ይቀደዳል። ፀረ ተባይ የሚረጭ ሠራተኛ ካዩ ነፋሱ ከእሱ ወደ እርስዎ በሚነፍስበት በኩል አይጠጉ። በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውሃ ይያዙ፤ ለአራት ሰዓት ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ማለት ነው።

ሚኒባሱ ፖርቶ መጋላ ላይ ሲጫን ማርሽ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ማርሹም ወደ ትልቁ የኋላ ጥርስ ተቀይሮ መቀየሪያው ወደ ውስጥ ይግባ። ጎማው ከተፈታና ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ በሁለቱ ሸማኖች መካከል የታጠፈ ካርቶን ያስገቡ። መንገድ ላይ አንድ ሰው የፍሬኑን እጀታ ቢጫነው ሸማኖቹ ይገጥማሉ፣ ባቱ (ዝዋይ) ደርሰው ዲስኩ አልገባም ይላል።