«ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሏችሁ

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ መጥታ «እትዬ፣ ሰኞ ኢንተርቪው አለኝ፣ ከስተመር ሰርቪስ ነው፣ ስለ ራስሽ ንገሪን ሲሉኝ ምን ልበል?» አለችኝ። እስቲ እንደምትይው በይልኝ አልኳት። ተነስታ ቆመች፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው፣ ዲግሪዬ በማኔጅመንት፣ ሲጂፒኤ 3.4፣ ሃርድ ወርከር ነኝ፣ ቲም ፕሌየር ነኝ… በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። እናትሽ የምትጋግረውን እንጀራ ለሆቴሎቹ ስታደርሺ የኖርሽውስ? ስላት «ውይ እትዬ፣ ይስቁብኛል» አለች። ዝም አልኩ። እኔ ራሴ ስቄያለሁዋ።

ነገሩ 1998 አካባቢ ነው። አንድ ባንክ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ ነበርኩ፣ ደንበኛ ቁጥር ያለባት ብረት ይዞ እያንቀላፋ ተራ የሚጠብቅበት ጊዜ፣ ብረቷን ኪሱ ከቶ ቤቱ የሚሄድም ነበር፣ በማግስቱ ፍለጋ ነው፣ ብቻ እሱን ልተወው። ሦስት ሆነን እንፈትናለን። አንድ ቀጭን ልጅ ገባ፣ ኮቱ የሰው መሆኑ ያስታውቃል፣ እጅጌው መዳፉን ሸፍኖታል። ስለ ራስህ ንገረን አልነው። «ማታ እየተማርኩ ቀን ታክሲ ላይ ረዳት ነበርኩ» ብሎ ጀመረ። 12 ሰው መልስ ሲጠብቅ ማን ስንት እንደሰጠ በጭንቅላቱ እንደሚይዝ፣ ለተናደደ ሰው መልሱን ቀድመህ ከሰጠኸው ግማሹ ንዴት እንደሚበርድ፣ አሮጊት ስትወርድ ሹፌሩ እንዳይነዳ ጣራውን መታ መታ እንደሚያደርግ፣ ሁሉን ነገረን። እንደዛ ያለ መልስ ከዛ በፊትም በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ከመሃላችን አንዱ ግን «እስቲ ጥራልን» አለው። ልጁ አንድ በአንድ አየን፣ ቀልድ ይሁን የምር አልገባውም። ከዛ ጠራ። «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ከዛ በኋላ የጠየቅነውን ሁሉ በ«አዎ» እና በ«አይ» ብቻ መለሰ። ኮሚዩኒኬሽን የሚለው ቦታ ላይ ከ10፣ 4 ሰጠሁት። ማንም አላስገደደኝም፣ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።

የቀጠርናት ልጅ እንግሊዝኛዋ ውሃ ነበር። ደንበኛ በጮኸባት ቁጥር መዝገብ ክፍል ገብታ ታለቅሳለች፣ እኔ ወጥቼ አስታርቃለሁ።

ሰዓት አክብሩ፣ ሰላምታ ስጡ ምናምን አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ግን እናንተ የዛሬ ልጆች መልስ ከስልክ ቀድታችሁ ነው የምትመጡት፣ ጡረታ ልወጣ ስል በአንድ ቀን ስድስት ልጅ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሲለኝ እኔ ነኝ ያፈርኩት። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ደሞ ተዉን በናታችሁ። ንጉሡ በቴሌብር ለማያውቀው ቁጥር ብር ልኮ እየጮኸ ሲገባ ምን ትሉታላችሁ? የተቆጣ ሰው አብርዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ሱቅ ይሁን ሠርግ ቤት ይሁን፣ እሱን አንዱን ንገሩን። አፋን ኦሮሞ ወይ ሶማሊኛ ወይ ትግርኛ የምትችሉ ደሞ መጨረሻ ላይ አትወሽቁት፣ ቴሌ 994 ስትደውሉ መጀመሪያ ቋንቋ ምረጡ አይደል እንዴ የሚላችሁ? ሌላው፣ አሳጥሩ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እርግጥ ያ ልጅ አምስት ደቂቃም ሳያወራ አይቀርም፣ እኔ ሰዓቴን አላየሁም።

ይስቁብናል ወይ ካላችሁ፣ ሊስቁ ይችላሉ። እንደኔ ዓይነቱ ፈታኝ አልቋል ብዬ አልዋሻችሁም።

ለዛች ልጅ «እሺ፣ ሆቴሉ 40 እንጀራ ወስዶ 30 ነው የመጣልኝ ብሎ ቢከራከርሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። ቆማ የነበረችው ቁጭ አለች። «እሱማ እትዬ፣ አንዴ ሠርተውኛል፣ ከዛ በኋላ ፊታቸው ቆጥሬ…» ብላ ጀመረች፣ ቡናዋ እስኪቀዘቅዝ አላቆመችም።