የቦካ መኖና የሥጋ ዶሮ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ከሐዋሳ ከተማ በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ በመሆኑ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ጉዳዩም በግቢ ውስጥ የሚረቡ የሥጋ ዶሮዎችን የቦካ መኖ ስለ መመገብ ነው።

ጥያቄ፦ «የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ስሆን የምኖረው በታቦር ክፍለ ከተማ ነው። በግቢዬ 30 የሥጋ ጫጩቶች አስገብቼ በማሳደግ ላይ ነኝ። አንዲት ጎረቤቴ መኖው እንደ እንጀራ ሊጥ ቢቦካ ወጪው በግማሽ እንደሚቀንስ ስለ ነገረችኝ፣ የተዘጋጀ የጫጩት መኖ ገዝቼ ሁሉንም በውኃ እየዘፈዘፍኩ ሦስት ቀን አቆይቼ እሰጣቸዋለሁ። እውነትም ባልዲው ውስጥ ያለው መኖ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ አቅራቢ ጫጩት የገዛው የወንድሜ ልጅ ደረቅ መኖ እየሰጠ፣ በአራተኛው ሳምንት የእርሱ ዶሮዎች ከእኔዎቹ በግልጽ በልጠዋል። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?»

መልስ፦ ከገለጹልን ተነሥተን ስናየው ጫጩቶችዎ ሳይታወቅዎ ተርበዋል። በባልዲው ውስጥ የጨመረው ውኃው ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ መኖ በ1.3 ሊትር ውኃ ሲዘፈዘፍ 2.3 ኪሎ ይመዝናል፤ በውስጡ ያለው ምግብ ግን ያው አንድ ኪሎው ነው፤ እንዲያውም መኖውን የሚያቦኩት ባክቴሪያዎች ለራሳቸው የሚጠቀሙበት ስላለ በጥቂቱ ይቀንሳል። በአራተኛው ሳምንት አንድ የሥጋ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 130 ግራም ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለ30 ዶሮዎች ሲሰላ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከተዘፈዘፈ በኋላ ከ7 እስከ 9 ኪሎ የሚመዝን እርጥብ መኖ ማለት ነው። በዓይን «ይበቃቸዋል» ተብሎ የሚቀርብ እርጥብ መኖ ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ መኖውን ምንጊዜም ከመዘፍዘፍዎ በፊት በደረቁ ይመዝኑ፤ ለዶሮዎቹ ደረሳቸው የሚባለውም ይኸው የደረቁ ሚዛን ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ሙሉውን የተዘጋጀ መኖ ለሦስት ቀን ማቡካትዎ ነው። በፋብሪካ በሚዘጋጅ የሥጋ ዶሮ መኖ ውስጥ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በንጹሕ መልኩ ተለይቶ ይጨመራል፤ ዶሮዋ ሥጋ የምትሠራበት ዋነኛ ንጥረ ነገርም ይኸው ነው። በመቡካት ሂደት አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይህንኑ በነጻ የሚገኘውን ላይሲን ቀድመው ያፈርሱታል፤ ከቫይታሚኖቹም የሚጎዱ አሉ። በሌላ አነጋገር፣ በመኖው ውስጥ እጅግ ውድ የሆነውን ክፍል ከፍለው ገዝተው ባልዲ ውስጥ ያባክኑታል። ማቡካት ለእህሉ ነው፤ ማለትም ለተከካ በቆሎ፣ ለስንዴ ፉርሽካና ለመሰሎቻቸው። የአኩሪ አተር ፋጉሎው (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)፣ ኮንሰንትሬቱ (ፕሮቲን የበዛበት ድብልቅ) እና ፕሪሚክሱ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) በደረቁ ተቀምጠው፣ እህሉ ቦክቶ ሊቀርብ ሲል በየዕለቱ ይቀላቀሉበታል። በእጅዎ ያለው የተሟላ መኖ ብቻ ከሆነ ከአንድ ሌሊት በላይ አይዘፍዝፉት።

የጎረቤትዎ ምክር ግን ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በቅጡ የቦካ እህል እውነተኛ ጥቅም አለው። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በእህሉ ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ አሲድ ስለሚለውጡት የመኖው ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ወደ 4 ወይም 4.5 ይወርዳል፤ በዚህ ኮምጣጣነት ውስጥ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያን ሊባዙ አይችሉም፤ በዶሮዋ ማቅረቻ (የዋጠችው መኖ በሚጠራቀምበት አንገቷ ሥር ያለ ከረጢት) እና አንጀትም ውስጥ ይበልጥ ጤናማ ሁኔታ ይፈጠራል። ሌላው ጥቅም ከፎስፈረስ ጋር የተያያዘ ነው። በእህል ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ውሕድ ታስሮ ስለሚገኝ ዶሮ በደንብ ልትጠቀምበት አትችልም። ይህን እስር የሚፈታው ፋይቴዝ የተባለ ኢንዛይም በስንዴ ፉርሽካ ውስጥ በብዛት ሲገኝ በበቆሎ ውስጥ ግን እምብዛም የለም፤ ኢንዛይሙም በደንብ የሚሠራው በመጠኑ በኮመጠጠ እርጥበት ውስጥ ነው። በቆሎውን ከፉርሽካ ጋር አንድ ላይ እንዲያቦኩ የምንመክረው ለዚህ ነው። በተጨማሪም ደረቅ ሆኖ ሲቀርብ እንደ ዱቄት ተበትኖ ጉዝጓዙ ላይ ይቀር የነበረው መኖ እርጥብ ሲሆን በአብዛኛው ይበላል። የሚገኘው ቁጠባ እዚህ ላይ ነው፤ መጠኑም ከግማሽ እጅግ ያነሰ ነው። «በግማሽ ይቀንሳል» የሚለው ወሬ ብዙ ጀማሪ አርቢዎችን ለኪሳራ ስለሚዳርግ ሳንሸፋፍን መናገር ግዴታችን ነው።

አንድ ነገር እናስረግጥ። ማቡካት ፕሮቲን አይፈጥርም። የሥጋ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ22 እስከ 23 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ከ18 እስከ 19 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል። በቆሎ ያለው 8 ወይም 9 በመቶ፣ ፉርሽካ ደግሞ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ ሁለቱ ምንም ያህል ቢቦኩ ለሥጋ ዶሮ አይበቁም፤ ፕሮቲን የሚሞላው እንደ አኩሪ አተር ፋጉሎ ያለ ነገር የግድ ያስፈልጋል። የጠላ አተላንም በዚህ ቦታ ለመተካት የሚሞክሩ አሉ፤ ነገር ግን አተላ ገለባ የበዛበት ስለሆነ ለትልልቅ የአበሻ ዶሮዎች በጥቂቱ ቢሰጥ እንጂ ፈጥኖ ለሚያድግ ጫጩት አይሆንም።

አሠራሩ እንጀራ ሲያቦኩ ለኖሩ ሰው እንግዳ አይደለም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ይጠቀሙ፤ አሲዱ የቆርቆሮ ዕቃ ላይ ያለውን ዚንክ እያሟሟ ወደ መኖው ስለሚያስገባ የቆርቆሮ ባልዲ አይሁን። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ከፍተው አሳድረው ይጠቀሙ። የመጀመሪያውን ዙር አንድ ኩባያ ንጹሕ የእንጀራ እርሾ ጨምረው ሊያስጀምሩት ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከየዙሩ ጥቂት እያስቀሩ ለቀጣዩ እርሾ ያደርጉታል። እህሉ በውኃው ተሸፍኖ፣ ክዳኑ ጋዝ እንዲያስወጣ ላላ ብሎ፣ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ እየተማሰለ በሐዋሳ ሙቀት በሁለት ቀን ይደርሳል፤ በክረምት ሦስተኛ ቀን ሊፈልግ ይችላል። ሦስት ባልዲ አዘጋጅተው በየቀኑ አንዱን ቢዘፈዝፉ በየቀኑ የደረሰ አንድ ባልዲ አያጡም። ሲያቀርቡ ረዘም ባለ ገንዳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሰልፈው እንዲበሉ አድርገው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይስጡ፤ ከሦስትና ከአራት ሰዓት በኋላ የተረፈውን አንሥተው ገንዳውን ይጠቡት። ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ደረቅ የጫጩት መኖ ቢበሉና ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀስ በቀስ ቢለምዱ ይሻላል።

አሁን ያሉዎትን ጫጩቶች በተመለከተ፣ ከዛሬ ጀምሮ የተሟላውን መኖ በደረቁ እንደ ልብ እንዲበሉ ይስጧቸው። ያመለጠው እድገት በሙሉ ባይመለስም በርካታው ይካካሳል።

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። ከአሞራ ገደል የአሳ ገበያ የሚጣል የቆሮሶ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ በቀላሉ አገኛለሁ። ከበቆሎው ጋር በአንድ ባልዲ ባቦካው ፕሮቲኑን አይሞላልኝም?»

መልስ፦ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ግን አደገኛ ነው። አሳ እጅግ የበለጸገ ፕሮቲን እንዳለው አያጠያይቅም። ሆኖም እህልን የሚያቦካው በውስጡ ያለው ስኳር ሲሆን ጥሬ አሳ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ባልዲው ከመኮምጠጡ በፊት የአሳው ክፍል መበስበስ ይጀምራል፤ አየር በማይደርስበት የበሰበሰ ሥጋ ውስጥም ዶሮዎችን አንገታቸውን አዝለፍልፎ የሚገድል የቦቱሊዝም መርዝ ሊፈጠር ይችላል። አሳን ሞላሰስ በሚባለው የስኳር ተረፈ ምርት ማቡካት በዓለም የታወቀ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ደቅቆ መፈጨትንና አሲዱን በመሣሪያ መከታተልን ስለሚጠይቅ ለግቢ አርቢ አንመክረውም።

የአሳውን ተረፈ ምርት በዚያው ዕለት ትኩስ ሳለ በደንብ ቀቅለው፣ ዘይቱን አንሥተው፣ ዝንብና ድመት በማይደርስበት ቦታ በፀሐይ ፍርክስ እስኪል አድርቀው ያስፈጩት። ከተፈጨው ላይ በ100 ኪሎ መኖ 5 ኪሎ ያህል፣ ሌላውን ፕሮቲን ሳያስቀሩ፣ በደረቁ ይቀላቅሉ። ጨው የነካው አሳ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ጫጩት ጨው አይችልም። ከመታረዳቸው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታትም አሳውን ያቁሙ፤ አለበለዚያ ሽታው ከሥጋው ጋር ድስት ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ «መኖው በትክክል መቡካቱንና አለመበላሸቱን በምን እለያለሁ? የሻገተ በቆሎስ ሲቦካ ሻጋታው አይጠፋም?» (ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ በደንብ የቦካ መኖ ሽታው እንደ እርጎ ወይም እንደ ቡኮ ደስ የሚል ኮምጣጣ ነው። ላዩ ላይ ስስ ነጭ ስልባቦት ቢታይ ተገፍፎ ሊጣል ይችላል። ፀጉር መሰል፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ነገር ከታየ፣ ወይም የበሰበሰ ነገር ከሸተተ ባልዲው በሙሉ ይደፋ፤ ከእርሱም እርሾ አይቀመጥ።

የሻገተ በቆሎን በተመለከተ መልሳችን አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፦ አይሆንም። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመቡካትም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም፤ የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፤ እድገቷን ያቀጭጫል፤ ክትባት እንኳ እንዳይሠራ ያደርጋል። ይህን መልስ የሚጽፈው ባልደረባችሁ ከዓመታት በፊት በክረምት በደንብ ሳይደርቅ የተከተተ በቆሎ ገዝቶ፣ ኮምጣጣው ሽታ የሻጋታውን ሽታ ስለ ሸፈነው ደኅና መስሎት መግቦ፣ ከ20 ጫጩቶች ሰባቱን ቀብሯል። የኑግ ፋጉሎም በዚህ በኩል የሚያሠጋ ነውና ስትገዙ ሰብራችሁ ውስጡን እዩ።

ጥያቄ፦ «በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የምኖር ወጣት ነኝ። ለፋሲካ የሚደርሱ 50 የሥጋ ዶሮዎች ለማሳደግ አስቤአለሁ። መቼ ላስገባ? የቦካ መኖ የሚበሉ ዶሮዎች በሽታ ስለሚቋቋሙ ክትባት አያስፈልጋቸውም ሲባል የሰማሁትስ እውነት ነው?»

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ እውነት አይደለም። የቦካ መኖ አንጀትን ይረዳል፤ ፈንግልና ጉምቦሮ የሚባሉትን የዶሮ በሽታዎች ግን አይከላከልም። ፈንግል አንድ ጊዜ ከገባ ያልተከተበ ቤት ባዶ ሊያደርግ ይችላል። የሁለቱም በሽታዎች ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል፤ ጫጩቶቹን ሲገዙ የትኛው ክትባት እንደ ተሰጣቸው ጠይቀው፣ ለቀረው በአቅራቢያዎ ካለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀኑን ቆርጠው ቀጠሮ ይያዙ።

እዚህ ላይ የቦካ መኖ የሚሰጡ ሰዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። እርጥብ መኖ የሚበሉ ዶሮዎች የሚጠጡት ውኃ ይቀንሳል። ክትባቱ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ሳይጠጡት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ደረቅ መኖ ይስጧቸው፤ ጠዋት ለአንድ ሁለት ሰዓት ውኃ ከልክለው፣ ክትባቱን ክሎሪን በሌለው ውኃ በጥብጠው ያቅርቡ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሥጋ ዶሮ በጥሩ አያያዝ ከ45 እስከ 47 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ የአንድ ቀን ጫጩቶቹ መግባት ያለባቸው ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ነው። ብዙ አርቢ በዚያው ሰሞን ስለሚፈልግ ትእዛዝዎን ቀደም ብለው ይስጡ። ለእያንዳንዱ ዶሮ እስከ መጨረሻው 4 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ፣ ለ50ዎቹም 5 ካሬ ሜትር ገደማ ደረቅ ወለል ያስቡ። በመጀመሪያው ሳምንት ማሳደጊያው 32 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀንሱ። የሐዋሳ ቀን ሞቃት ቢሆንም ሌሊቱ ጫጩት ይገድላል።

ከመታረዳቸው በፊት ከ8 እስከ 12 ለሚደርሱ ሰዓታት መኖ ከልክለው ውኃ ብቻ ይስጧቸው፤ በእርጥብ መኖ የተሞላ ማቅረቻ በእርድ ጊዜ ሥጋውን ያበላሻል። ለሚገዟችሁ ደንበኞችም የሥጋ ዶሮ እንደ አበሻ ዶሮ ረጅም እሳት እንደማይችል ይንገሯቸው፤ አሥራ ሁለቱ ብልት ሳይፈራርስ እንዲወጣ ወጡ በደንብ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ይግባ።